ሳይኮሎጂ በአሻግሬ በረንዳ

አሻግሬ ሚስቱን መጠርጠር የጀመረው በሳቅ ነው። በእሷ ሳቅ ሳይሆን በሰውዬው ሳቅ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። የጠዋቱን ፈረቃ ጨርሶ መጥቶ ጓዳ አልጋው ላይ ጋደም ብሏል። ሚስቱ የሺሐረግ በረንዳው ላይ ከትምህርት ጓደኞቿ ጋር መጽሐፍ ዘርግታ ተቀምጣለች። በመሐላቸው ያለው የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው፤ መስኮቱም ክፍት ነው። የሰውዬው ድምፅ ወፍራም ስለሆነ እንደ ልብ ይገባል።

«እሺ፣ ይሄስ ምን ይባላል?» ይላል ሰውዬው።

ከዚያ ጸጥታ። አሻግሬ ከአልጋው ቀና ብሎ ጆሮውን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ምንም የለም። ከዚያ ሰውዬው ከት ብሎ ይስቃል።

«አይ የሺ! አንቺ ደግሞ ታመጪዋለሽ!» ይላል። እንደገና ጸጥታ፣ እንደገና ሳቅ።

መቼም ሰው ራሱ ጠይቆ ራሱ አይስቅም። በመሐል እሷ የምትመልሰው ነገር አለ። ታዲያ ለምን አይሰማም? አሻግሬ ብዙ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ አንድ መልስ ብቻ አገኘለት። የምታወራው በሹክሹክታ ነው። ባሏ ጓዳ መኖሩን ስለምታውቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች። ንጹሕ ወሬ ደግሞ ማን ያንሾካሹካል?

ቀስ ብሎ ተነስቶ በበሩ ስንጥቅ አየ። ሰውዬው፣ የሺሐረግ፣ ደግሞም ዳሲቱ የምትባለዋ ጓደኛቸው፣ ሦስቱም በየቦታቸው ተቀምጠዋል። ዳሲቱ በመኖሯ ልቡ ትንሽ መለስ ሊል ሲል ሌላ ሐሳብ መጣበት። የእሷም ድምፅ ሲሰማ አልነበረማ! እንግዲያው እሷም አውቃለች፤ እሷም ትሸፍንላቸዋለች ማለት ነው። ተመልሶ ተጋደመ። ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ በደረቱ ውስጥ እንደ ፍም የሚግል ነገር ተቀመጠ።

አሻግሬ አቃቂ ካሉት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ የሽመና ክፍል ሠራተኛ ነው። ገና ጢሙ ሳይወጣ ነው የገባው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ማሽኖቹ በረድፍ ቆመው ቀኑን ሙሉ ይወግራሉ። አዲስ የሚቀጠር ሰው የመጀመሪያውን ፈረቃ ጨርሶ ሲወጣ ጭንቅላቱን ይዞ ነው፤ አንዳንዱ በማግስቱ አይመለስም። የለመደ ግን ይለምደዋል። ጆሮው ውስጥ ብጥስጣሽ ጥጥ ይወትፍና ይሠራል።

እዚያ ውስጥ ድምፅ አውጥቶ የሚያወራ የለም፤ ቢያወጣም የሚሰማው የለም። የሚወራው በከንፈር ነው። «ክር ተበጥሷል»፣ «አለቃ መጣ» ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሠርግ ወሬ፣ የዕድር ጠብ፣ የኳስ ጨዋታ፣ ሁሉም ከማሽን ወደ ማሽን በከንፈር ይተላለፋል። አንድ ጊዜ ከሌላ ክፍል የመጣ አለቃ ነበር። የከንፈሩን ንግግር ስለማያውቅ ሠራተኛው ፊቱ ቆሞ፣ ፈገግ እያለ፣ ልቡ እስኪጠግብ ይሰድበው ነበር። እሱም መልሶ ፈገግ ይል ነበር። አሻግሬ በዚህ ነገር ከሁሉም ይበልጣል፤ ከአዳራሹ ማዶ ያለ ሰው የሚለውን ቁጭ ብሎ ይነግራችኋል።

የሺሐረግ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት። ከለገሀር በተዘረጋው ሐዲድ ዳር ተወልዳ አድጋለች። ስትስቅ ትከሻዋ ይስቃል። ከአሻግሬ በዕድሜ ብዙ ታንሳለች። ልጅ አላገኙም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል መዋእለ ሕፃናት ውስጥ ሞግዚት ሆና የሰው ልጅ ስታቅፍ የምትውለው። ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ዲፕሎማ ካላት አስተማሪ እንደምትሆን ሰማችና የቅዳሜና እሁድ ትምህርት ተመዘገበች። ኮሌጁ ቃሊቲ መንገድ ላይ ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ያለው ፎቅ ነው። ተማሪዎቹ ራሳቸው «ከታች ጎማ ይነፋል፣ ከላይ እኛ እንነፋለን» እያሉ ይቀልዳሉ።

የመጀመሪያው ትምህርት ሳይኮሎጂ ነበር።

«ይሄ የእብድ ትምህርት አይደለም እንዴ?» አላት አሻግሬ ያን ጊዜ፣ እራት ቀርቦ ፊት ለፊት ተቀምጠው።

«የእብድ አይደለም፤ የእኔና የአንተ ነው። ሰው ለምን እንደሚፈራ፣ ለምን እንደሚረሳ፣ ለምን እንደሚቆጣ የሚያጠና ነው።»

«ለምን እንደሚቆጣማ እኔ ልንገርሽ፤ ስለሚያናድዱት ነው።»

ሳቀች። ያ ጊዜ ጥሩ ነበር። የተማረችውን ሁሉ ትነግረው ነበር። አንድ ቀን፣ ባለቀሰ ቁጥር ብስኩት የሚሰጠው ሕፃን ማልቀስን እንደ ሥራ እንደሚይዘው ነገረችው። «ዝም ሲል ነው መስጠት» አለች። መዋእለ ሕፃናቱ ውስጥ ሞከረችውና አንዱ አልቃሻ ልጅ ለቅሶውን ተወ። አሻግሬ በማግስቱ ፋብሪካ ውስጥ ይህንን በከንፈር ሲያወራ ዋለ። «ሚስቴ እኮ የሰው ልብ ታነባለች» አለ።

ፈተና ሲቃረብ ግን የሺሐረግ አንገቷን መጽሐፍ ውስጥ ቀበረች። ምግብ ስትሠራ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ስታጥብ ጎንበስ ብላ፣ ስታነብ አቀርቅራ። አሻግሬ ከሥራ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ የምትለው የለም። ድሮ የምትነግረውን ሁሉ አሁን የምትነግረው ሌላ ሰው አግኝታለች ብሎ አሰበ። ያም ሰው በረንዳው ላይ የሚስቀው ሮሪሳ ነው።

ሮሪሳ የኮዬ ገበሬ ልጅ ነው። በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይሠራል። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ የቆዳ ቦርሳ በትከሻው ያንጠለጥላል። ሲናገር አይቸኩልም። አሻግሬን «ጋሽ አሻግሬ» እያለ፣ በአንቱታ፣ ብድግ እያለ ነው የሚያናግረው። ይሄ ብድግ ማለቱ ራሱ አሻግሬን ያበግነዋል። ሽማግሌ ያደረገው ይመስለዋል። በእሷ ፊት ደግሞ!

ቤቱ ባለ በረንዳ በመሆኑ ጥናቱ እነ አሻግሬ ዘንድ ሆነ። አሻግሬ ከዚያ የሳቅ ቀን ወዲህ ጓዳ መጋደሙን ትቶ በረንዳው ላይ ዱካ፣ አጭር የእንጨት በርጩማ፣ ይዞ መቀመጥ ጀመረ። ፊት ለፊታቸው ሆኖ ሲያያቸው የሚሉት ሁሉ ይሰማል። ምንም ክፉ ነገር የለም። «አያችሁ፣ እኔ ስኖር ነው ወሬያቸውን የሚያስተካክሉት» አለ በልቡ።

አንድ ቀን ሮሪሳ እንዲህ ሲል አስረዳ። «አንድ የሩሲያ ምሁር ነበር። ለውሻው ምግብ ሊሰጠው ሲል ድምፅ ያሰማዋል። ይሄን ሲደጋግም ቆየ። በኋላ ምግቡ ሳይኖር ድምፁ ብቻ ሲሰማ የውሻው ምራቅ ይንጠባጠባል።»

«የውሻ ምራቅ ለማየት ኮሌጅ መግባት ያስፈልጋል እንዴ?» አለ አሻግሬ። «ሉካንዳ በር ላይ መቆም አይበቃም?»

ሁሉም ሳቁ። ሮሪሳም ሳቀ። ወዲያው የፋብሪካው ጡሩምባ ተነፋ፤ የምሳ ጡሩምባ። አሻግሬ በልቶ ጨርሷል፤ ፈረቃውም አይደለም። ሆኖም ሳያውቀው ከዱካው ተነስቶ ሳህን ፍለጋ ወደ ውስጥ አመራ።

«ጋሼ፣ ምራቅዎን ይዋጡ!» አለች ዳሲቱ፣ በሩ ላይ ዞር ሲል።

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። የሺሐረግ ከሁሉም በላይ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ። አሻግሬም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ሮሪሳ የውሻውን ነገር ሲናገር ወደ እሱ ዞር ብሎ ነበር? አዎ፣ ዞር ብሎ ነበር። «በራሴ በረንዳ ላይ ውሻ አደረገኝ» አለ ለራሱ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ የባሰ መጣ። ሮሪሳ መጽሐፉን ገልጦ ስለ ቁጣ አነበበ። «ሥራ ቦታ አለቃው የተቆጣው ሰው ለአለቃው መልስ መስጠት አይችልም። ቤቱ ሲገባ ግን ወንበር በእርግጫ ይመታል፤ ሚስቱ ላይ ይጮሃል። ቁጣው አድራሻ ቀይሮ ነው» አለ።

አሻግሬ ደሙ ቀጥ አለ። በዚያው ሳምንት ተቆጣጣሪው በጨርቅ ግድፈት ተቆጥቶት ቤት ሲገባ ዱካውን በእግሩ ገፍትሮ ነበር። ይሄንን ሮሪሳ ከየት አወቀው? የቤቱን ገመና አውጥታ ነግራዋለች። ከዚያ ደግሞ ከመጽሐፍ እንዳነበበ ሰው አስመስሎ ፊቱ ያነብለታል። የሺሐረግን አያት። አቀርቅራ ትጽፋለች። ምንም እንዳልሆነ ሰው።

ጠይቆ መገላገል ይቻል ነበር። ግን ቅናት እንዲህ ነው፤ የሚጠይቅ አፍ የለውም፣ የሚያይ ዓይን ብቻ ነው ያለው። አንድ እሁድ አሻግሬ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ሚኒባስ የሚጠብቅ መስሎ፣ የኮሌጁን በር ሲጠብቅ ዋለ። ተማሪዎቹ ሲወጡ ሮሪሳና የሺሐረግ ደረጃው ሥር ቆሙ። ሮሪሳ ጀርባውን ሰጥቷል። የእሷ ፊት ግን ወደ አሻግሬ ነው። እንግዲህ የእሱ ሙያ መጣ ማለት ነው። መኪናው ቢጮህ፣ ባጃጁ ቢጮህ፣ ከንፈሯን እንደ ጋዜጣ ነው የሚያነበው።

«ትኩረት» አለች የሺሐረግ። «ትኩረት አንድ፣ ትውስታ ሁለት። መርሳት ሦስት። ፈተና ላይ ይወጣል ያልከኝ እሱ ነው?»

አሻግሬ ቆሞ ጠበቀ። ሌላም አለች። ሁሉም ትምህርት ነው። ቅናቱ እዚያው አስፋልት ላይ ሊቀር ይገባው ነበር። እሱ ግን «አይታኛለች» አለ። «አይታኝ ነው ወሬ የቀየረችው።» እንዲህ ብሎ ከንፈሯን ከማመን ልቡን አምኖ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ አፍ አወጣ። አንድ ቀን ወደ ማታ፣ የሺሐረግ ሽንኩርት እየከተፈች ጀርባዋን ሰጥታዋለች። አሻግሬ ሲጠብቅ ሲጠብቅ ቆየ። በድንገት ዞረችና፣ «መልስ እንጂ! ሰው አይደለሁም እንዴ?» አለችው፤ ዓይኗ በእንባ ሞልቶ።

«ምን ጠይቀሽኝ ነው የምመልሰው?»

«ምን ጠይቀሽኝ? እሺ፣ ይሁን። ተወው።»

«አንቺ የምትጠይቂው ሌላ ሰው ነው። ለእኔ ዝም፣ ለእሱ ደግሞ ሹክሹክታ!»

«ለማን?»

«ለባለ ሸሚዙ! ስሚ የሺ። ወይ ትምህርቱን ወይ እኔን። የምትመርጪው አንዱን ነው።»

የሺሐረግ ቢላዋውን አስቀመጠች። ከዚያ፣ «የፊታችን እሁድ ፈተና አለኝ» አለች። «እሱን ሳልፈተን ማንንም አልመርጥም።»

አሻግሬ በማግስቱ ለጋሽ ጂራታ ነገረው። ጋሽ ጂራታ የክፍሉ አንጋፋ ነው፤ ያስታረቀው ባልና ሚስት፣ ያቆመው ጠብ ብዙ ነው። ሁለቱም ማሽናቸው ላይ ቆመው በከንፈር ነበር ያወሩት።

«ልፈታት ነው» አለ አሻግሬ።

«ያ ነማ! አንተ ሰው፣ አብደሃል?» አለ የጂራታ ከንፈር።

«ቅዳሜ ይምጡልኝ። በሽማግሌ ፊት ትመልስ። ካልተወችው እሁድ ልብሴን ይዤ እወጣለሁ።»

ጋሽ ጂራታ የተበጠሰ ክር እየቀጠለ ራሱን ነቀነቀ። «ሽማግሌ የሚጠራው ለማስታረቅ እንጂ ለማፋታት አይደለም። ግን እመጣለሁ» አለ።

ቅዳሜ ጋሽ ጂራታ ኮቱን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ መጣ። የሺሐረግ ለምን እንደመጣ ወዲያው ገባት። ወንበር አቀረበችለት፤ ሰላምታዋም አልተጓደለም። ሰውዬው ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ ዳሲቱና ሮሪሳ መጡ። የመጨረሻው ጥናት ነው፤ ማንም አልከለከላቸውም፤ የመጡትም ምንም ሳያውቁ ነው።

«ጥሩ» አለ አሻግሬ በልቡ። «በፊቱ ይሁን።»

ዳሲቱ ግን ለወሬ ፋታ የምትሰጥ ሰው አይደለችም። «ጋሼ፣ እግዜር ነው እርስዎን የጣለልን» አለች ወደ ጋሽ ጂራታ ዞራ። «መምህሩ አንድ ሰው ፈትናችሁ ውጤቱን ነገ አምጡ ብሏል። የማስታወስ ሙከራ ነው። ዓይን ይሸፈናል፣ ቃላት ይነበባሉ፣ የሚያስታውሱትን ይነግሩናል። ሰው ከመሐለኞቹ ይልቅ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ያስታውሳል ይላሉ።»

«መርፌ የለውም?» አለ ጋሽ ጂራታ።

«ኧረ የለውም!»

«እንግዲያው አሻግሬ ይሁን። አንተ ተፈተን እስቲ፤ ልብህም ይረጋል።»

አሻግሬ እምቢ ሊል ነበር። ከዚያ ግን ሮሪሳ «ጋሽ አሻግሬ ካልፈለጉ አናስቸግራቸው» አለ። ይሄ አዘኔታ አንጀቱን አሳረረው። «ማን አለ አልፈልግም? ሸፍኑኝ!» አለ።

ዳሲቱ በሻሿ ዓይኑን አሰረችለት። ጨለመ።

«ጀምሪ የሺ» የሚል የሮሪሳ ድምፅ ሰማ።

ከዚያ ምንም። አሻግሬ ጠበቀ። ከሩቅ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል፤ እንደ ማሽን እምምም የሚል ነገርም ጆሮው ውስጥ አለ፤ እሱ ሁልጊዜም አለ። የሚስቱ ድምፅ ግን የለም። ለምን አትጀምርም? ምን እያደረጉ ነው? በጨለማው ውስጥ ሁሉም ታየው። ተያይተዋል። በዓይን ተጣቅሰዋል። ምናልባት የሮሪሳ እጅ ጠረጴዛው ላይ ወደ እጇ እየሄደ ነው። እሱ እዚህ እንደ ታሰረ በሬ ዓይኑን ተሸፍኖ ተቀምጧል፣ እነሱ ፊቱ... ላቡ በሻሹ ሥር መጣ።

«እሺ ጋሽ አሻግሬ» አለ የሮሪሳ ድምፅ። «ስንቱን አስታወሱ?»

አሻግሬ ሻሹን ከዓይኑ ላይ መነጨቀ።

«ምኑን? ምን ተነበበና? ዓይኔን አስራችሁ ምን ስትሠሩ ነበር?»

«አነበብኩልህ እኮ!» አለች የሺሐረግ። ወረቀቱ እጇ ላይ ነው።

«ውሸት! ድምፅሽን ደብቀሽ ከእሱ ጋር ስትንሾካሾኪ ስንት ጊዜሽ ነው! አንተም» አለ ወደ ሮሪሳ ዞሮ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ «ቤቴ ገብተህ፣ በረንዳዬ ላይ ተቀምጠህ፣ ሚስቴን...»

ቃሉን አልጨረሰውም፤ መጨረስም አላስፈለገውም። ሁሉም ሰምቷል። ሮሪሳ ፊቱ ጠቆረ። ዳሲቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ጋሽ ጂራታ፣ እርስዎ ይፍረዱ» አለ አሻግሬ። «አንብባለች? ድምፅ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ» አለ ጋሽ ጂራታ። «ወንበር አለች፣ ዝናብ አለች። ፊት ለፊቴ ናት እኮ።»

«እርስዎም!»

«እኔም ምን? ይኸው፣ ለእኔም እሰሩልኝና እዩ። ይሄ ምን ይከብዳል?» ከዘራውን ለአሻግሬ ሰጥቶ ራሱ ሻሹን ዓይኑ ላይ አሰረ። «በሉ ልጆች፣ አንብቡ።»

የሺሐረግ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ወረቀቱን አነሳች። አሻግሬ አፍጥጦ ያያታል። «ወንበር» አለች። «ዝናብ። ቁልፍ። በግ...»

«ጀምሩ እንጂ» አለ ጋሽ ጂራታ፣ በሻሹ ሥር ፈገግ ብሎ። «ምን ትጠብቃላችሁ?»

የሺሐረግ ቆመች። ወደ አሻግሬ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ቀጠለች፣ «ሳሙና። መስኮት። ድንጋይ።»

«ወይ ጉድ፣ ተኛችሁ እንዴ?» አለ ጋሽ ጂራታ።

አሻግሬን አንድ ነገር ልቡን ያዘው። የሺሐረግ ቃላቱን ደግማ ስታነብ ዓይኑን ጨፈነ። የሚስቱ ድምፅ ጠፋ። ገለጠ፤ «መስኮት» የሚለው ቃል ጥርት ብሎ መጣ። ጨፈነ፤ ጠፋ። ገለጠ፤ መጣ። እንደ ሕፃን እዚያው ቆሞ ሲጨፍን ሲገልጥ ቆየ። ለካ ሲሰማት የኖረው በጆሮው አልነበረም፤ ማሽኑ ቀጭን ድምፅን ከወሰደበት ቆይቷል፣ እሱ ሲያነብ የኖረው ከንፈሯን ነው።

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ጂራታ ሻሹን ፈትቶ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት አየ። ነገሩ ቀስ ብሎ ሲገባው ወንበሩ ላይ ያነሰ መሰለ። «እኔ ሽመና ክፍል ውስጥ ደህና ነኝ እኮ» አለ። «ሁሉንም እሰማለሁ እዚያ።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «አስካለች ምስኪን» አለ። አስካለች ሚስቱ ናት። «ከኋላዬ ጠርታኝ ዝም ስላት፣ ንቀኸኛል እያለች ስታኮርፍ... እኔ ደግሞ እሷ አረጀች፣ ነገር ወደደች እያልኩ።» ከዘራውን ተቀብሎ ተነሳ። ለማስታረቅ የመጣው ሽማግሌ ለመታረቅ ቸኩሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሮሪሳ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ወደ ቦርሳው ከተተ። «የሺ፣ ነገ ፈተና ላይ እንገናኝ» አለ። አሻግሬን ብድግ ብሎም አልተሰናበተውም፤ ዳሲቱም ተከተለችው። አሻግሬ ያን ሁሉ አይቶ እንኳን፣ «እንገናኝ» የሚለው ቃል ወጋው። ጆሮው መታመሙን አወቀ እንጂ ቅናቱ መች ለቀቀው።

ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ቀሩ። አሻግሬ ዱካው ላይ ተቀመጠ። «ጆሮዬ ነው የሺ» አለ። «ጆሮዬ ነው ያሳሳተኝ። አየሽ አይደል? ይቅር በይኝ፤ እኔ አይደለሁም።»

የሺሐረግ ፊት ለፊቱ መጥታ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ጉልበቱን እስኪነካ። ከንፈሯን እንዲያይ ነው።

«ጆሮህ የጎደለውን ብቻ ነው የሚያውቀው» አለች። «ድምፅዋ አልመጣም ብሎህ ይሆናል። እሺ። ሹክሹክታ ነው ብሎ የነገረህ ግን ማን ነው? ከእሱ ጋር ናት ብሎ የነገረህስ? ጆሮ ይሄን ያወራል?»

አሻግሬ ከንፈሯን ብቻ ያያል።

«ትምህርቱ እኮ ይሄ ነው። የሰው አእምሮ ባዶ ቦታ አይወድም። ያልሰማውን ራሱ ይሞላዋል። በምን ይሞላዋል ብትል፣ በሚፈራው ነገር ነው። አንተ ሮሪሳን ሞላህበት። እኔም አላመለጥኩም፤ ከኋላህ እየጠራሁህ ዝም ስትለኝ፣ ልጅ ስላልወለድኩለት ጠላኝ ብዬ ነበር። ስንት ጊዜ አልቅሻለሁ መሰለህ።»

«ልጅ? እኔ ይሄን አስቤው አላውቅም!»

«እኔም ሮሪሳን አስቤው አላውቅም። ግን እኔ ያሰብኩትን ይዤ አለቀስኩ፤ አንተ ያሰብከውን ይዘህ ሰው አዋረድክ። ልዩነቱ ይሄ ነው።» ተነሳች። «የተሳደብከው በሰው ፊት ነው። ይቅርታውንም በሰው ፊት ትጠይቀዋለህ። ያለዚያ ልብሴን ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ።»

እሁድ ጠዋት አብረው ሄዱ። ሚኒባስ ውስጥ አሻግሬ ወደ እሷ ዞሮ ተቀመጠ። ከንፈሯ ዝግ ነው። «የሆነ ነገር አልሽ?» አላት። «ምንም አላልኩም» አለች። ካሰበው በላይ ይከብዳል፤ ዝም ማለቷን ዝም ማለት ብቻ አድርጎ መውሰድ።

ኮሌጁ በር ላይ ተማሪው ተሰብስቧል። ሮሪሳ ከመሐላቸው ነው፤ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ። አሻግሬ ቆመ። እዚያው ዞሮ ቢሄድ ማን ይይዘዋል? የሺሐረግ አልጎተተችውም፣ አልገፋችውም። ቆማ ብቻ አየችው።

ሄደ። «አቶ ሮሪሳ» አለ፤ ጮክ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ሁሉም ዞሩ። «ትናንት ያልኩህ ውሸት ነው። እኔው የፈጠርኩት ነው። አንተም እሷም የላችሁበትም። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ሮሪሳ መሬት መሬት እያየ የሆነ ነገር አለ። ከታች የጎማ መንፊያው ይጮሃል፤ መኪናው ይጮሃል። አሻግሬ አልሰማም። ዝም ብሎ ራሱን ነቅንቆ ማለፍ ይችል ነበር፤ ልቡም ወዲያው መሙላት ጀምሮ ነበር፤ «ምናልባት ሰደበኝ»፣ «ምናልባት ስለ እሷ ነው» እያለ። ፊቱ ጋለ። ይሄን ለዚህ ሰው መንገር፣ ከሰው ሁሉ ለዚህ ሰው!

«አልሰማሁህም» አለ። «ጆሮዬ አይሰማም። ቀና ብለህ ንገረኝ።»

ሮሪሳ ቀና አለ። ከንፈሩን እየለየ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ይቅር ብያለሁ ነው ያልኩት፣ ጋሽ አሻግሬ። ግን ከእንግዲህ በረንዳዎ ላይ አልመጣም።»

አሻግሬ ደስ አለው። እውነቱ ይሄ ነው፤ ደረቱ ላይ የነበረው ፍም አንድ ጊዜ ቀዘቀዘ። አይመጣም! ወዲያው ግን የሺሐረግን አያት። ራቅ ብላ፣ መጽሐፏን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ የሁለቱንም አፍ እያየች ቆማለች። የሚቀጥለው ሴሚስተር አለ፤ ገና ብዙ ትምህርት ይቀራታል፤ ብቻዋን አጥንታ የምትዘልቀው አይደለም። ደስታው አፉ ውስጥ መረረው።

«ና» አለ አሻግሬ። ቃሉ እንደ ድንጋይ ከብዶት ነበር። «የሚቀጥለው ሴሚስተር ሲጀመር ና። እኔም ፊት ለፊታችሁ እቀመጣለሁ። ያልሰማሁትን እጠይቃለሁ።»

«እናያለን» አለ ሮሪሳ።

የፈተናው ደወል ተደወለ። ተማሪው ደረጃውን እየተጋፋ ወጣ። የሺሐረግ በአሻግሬ አጠገብ ስታልፍ ቆም አለች፤ ድምፅ ሳታወጣ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ የሽመና ክፍል ሰዎች እንደሚያወሩት፣ «ጠብቀኝ» አለችው።